ጂኦካሺንግ፦ በጂፒኤስ የሚጫወቱት አኩኩሉ

ጂኦካሺንግ አንዱ የደበቀውን ዕቃ ሌላው በጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት በሚያመለክት ዘዴ) እየተመራ የሚፈልግበት የደጅ ጨዋታ ነው። የሚደበቀው መያዣ «ካሽ» ይባላል፤ ከጥሬ ገንዘቡ ካሽ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ውስጡ ፈላጊው ስሙንና ቀኑን የሚያሰፍርበት ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ሳይፈርሙ «አገኘሁ» ማለት በደንበኛ ተጫዋቾች ዘንድ አይቆጠርም።

የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚለቀቀውን የጂፒኤስ ምልክት ለዓመታት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቀር መወሰናቸው ሜይ 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። በሦስተኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀ፤ የመጀመሪያው ካሽ ይህ ነው። በውስጡ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ የላስቲክ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበሩበት። አድራሻውን፣ ሰሜን 45° 17.460፣ ምዕራብ 122° 24.800፣ በኢንተርኔት አወጣው። ቀድሞ ያገኘው ማይክ ቲግ ነው። ባልዲው በከፊል ተቀብሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ባለ ይዞታው ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። የጨዋታውን ስያሜ ማት ስተም በዚያው ወር አቀረበ፤ ዋናውን ድረ ገጽ ጄረሚ አይሪሽ በሴፕቴምበር ከፈተ። በእንግሊዝ ዳርትሙር በ1854 የተጀመረውን የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ (በፍንጭ እየተመሩ የተደበቀ ሣጥን መፈለግ) የጨዋታው አባት የሚያደርጉ አሉ። ዝምድናው አይካድም፤ ያለ ሳተላይት ግን ጂኦካሺንግ የለም። ዛሬ ካሾቹ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ቁጥር ሲያስገባ ነው። ከዲግሪው ቀጥሎ ያለው ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) እንጂ የዲግሪ አስርዮሽ አይደለም። የኡልመርን 45° 17.460 «45.17460» ብሎ የጻፈ ሰው ወደ ደቡብ ብቻ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ፣ አሜሪካ በስተ ምዕራብ ስለሆኑም፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚመላለስ ቤተሰብ ቁጥሩን በእጁ ሲያስገባ አቅጣጫውን ደግሞ ይይ።

ከልጆች ጋር ሲወጡ አስቸጋሪነቱም የመንገዱ ክብደትም ከ1.5 ያልበለጠ ካሽ ይመረጣል፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ይለካሉ። መጠኑም ከ1 ሊትር በላይ ቢሆን ይሻላል። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሆነው ትንሹ ካሽ የተጠቀለለ ወረቀት ብቻ ስለሚይዝ ልጅ መጫወቻ ሲጠብቅ ያዝናል። እስክሪብቶ ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ ለተጠቀለለው ወረቀት ወረንጦ ይጠቅማል። 10 ሜትር ያህል ሲቀር ስልኩን ወደ ኪስ መልሶ በዓይን መፈለግ ነው፤ ቅጠል በበዛበት ዛፍ ሥር ወይም በሕንጻዎች መካከል ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ያለ ቦታው የተከመረ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር ክፍተት፣ ካሽ በማግኔት የሚለጠፍበት የወንበር ሆድ ይታያሉ።

ከመያዣው ዕቃ የወሰደ በዋጋ የማያንስ ይተካል። ምግብ አይገባም፤ አውሬ አሽትቶ ያኝከዋል። መለያ ቁጥር የተቀረጸበት ተጓዥ ዕቃ ግን ማስታወሻ ሆኖ አይቀርም፤ የወሰደው ሰው ወደ ሌላ ካሽ ያሻግረዋል።

ለመንገድ የሚዘጋጅ ሰው መረጃውን ኔትወርክ ሳይቋረጥበት ወደ ስልኩ ያወርዳል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ካሽ መደበቅ አይቻልም። በእንዲህ ያለ ሥፍራ መያዣ የሌለው «ኧርዝካሽ» ይገኛል፤ ፈላጊው አለቱን ወይም ምንጩን ተመልክቶ የተሰጠውን ጥያቄ ይመልሳል። ድልድይ ሥር ወይም ጣቢያ አጠገብ ሲፈልጉ ፖሊስ ቢጠይቅ ጨዋታውን በግልጽ ማስረዳት ነው።

ካሽን የሚገድለው ከሌባ ይልቅ ውኃ ነው። ወረቀቱ ያለበት የላስቲክ ከረጢት ጫፍ ክዳኑ ላይ ከተነከሰ ዝናቡ በዚያው ይገባና በቀጣዩ ፈላጊ እጅ የሚወጣው ቡኮ ነው። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ይጠረጋል፣ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መያዣውም ከነበረበት ሥፍራ ሳይዛነፍ ይመለሳል።