የፈረንሳይ ቀይ ወይን ስሙን ከመሬቱ ይወስዳል

የፈረንሳይ ጥሩ ቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ የወይኑን ዘር ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። የተጻፈው የቦታ ስም ነው፦ ፖያክ፣ ፖማር፣ ኤርሚታዥ። እኛም ቡናን ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሊሙ እያልን በአገሩ እንጠራዋለን። ፈረንሳዮች ግን ነገሩን በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሕግ አጠበቁት። የአንድን ቦታ ስም የሚይዝ ወይን የት እንደሚተከል፣ ከየትኛው ዘር እንደሚጠመቅ፣ ከአንድ ሄክታር እስከ ስንት እንደሚለቀም ተወስኗል።

በዝና ቀዳሚው ቦርዶ ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉት ወንዞች እዚያ ተገናኝተው ዢሮንድ ይሆኑና ወደ አትላንቲክ ይገባሉ። በግራው ዳር ያለው ሜዶክ ጠጠራማ ነው። ጠጠር ውሃ አይዝም፤ ቀን የጠጣውን ሙቀትም ማታ ይመልሳል። ካበርኔ ሶቪኞን ለሚባለው ዘግይቶ ለሚበስል የወይን ዘር ይመቸዋል። በቀኙ ዳር፣ ሴንት ኤሚልዮንና ፖምሮል፣ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። እዚያ ዋናው ሜርሎ ነው። የሜዶክ ወይን ገና ሲሆን አፍ ይይዛል፤ ዓመታት ሲቆይ ግን ይለሰልሳል።

በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ወይኖች በገበያ ዋጋቸው በአምስት ደረጃ መደቧቸው። አንደኛ የወጡት ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ከሜዶክ ውጭ ያለው ኦብሪዮን ናቸው። እስካሁን በአንደኛው ደረጃ ላይ የተጨመረው በ1973 ከሁለተኛ ያደገው ሙቶን ሮትሺልድ ብቻ ነው።

የኔ ልብ ግን ቡርጎኝ ነው ያለው። እዚህ ቀይ ወይን ማለት ከሞላ ጎደል ፒኖ ኗር ማለት ነው። ዘሩ አንድ ስለሆነ የአፈሩ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ከሲቶ ገዳም የመጡ መነኮሳት ክሎ ደ ቩዦ የሚባለውን ማሳ ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምረው አለሙት፤ ዙሪያውንም በድንጋይ አጠሩት። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ የገዳሙ መሬት ተወረሰ። በኋላም በሽያጭና በውርስ እየተቆራረጠ፣ ዛሬ 50 ሄክታር ገደማ የሆነው ማሳ 80 ያህል ባለቤቶች አሉት። አጥሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ወይኑ ግን እንደየእጁ ይለያያል። ስለዚህ ቡርጎኝ ስትገዙ ከቦታው ስም በታች ያለውን የጠማቂውን ስም አይታችሁ ግዙ። በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ የሚገኝበት ሮማኔ ኮንቲ ደግሞ 2 ሄክታር እንኳን አይሞላም።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቦዦሌ አለ፤ ጋሜ ከሚባል ዘር የሚጠመቅ ቀለል ያለ ወይን ነው። ከዚያ የሮን ሸለቆ ይከተላል። በሰሜኑ ገደላማ ተዳፋት ላይ ሲራ፣ በሞቃታማው ደቡብ ደግሞ ግረናሽ ይበቅላል። ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ስሙን ያገኘው በ14ኛው መቶ ዘመን አቪኞን ከተቀመጡት የሮማ ካቶሊክ ሊቃነ ጳጳሳት ነው።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከአሜሪካ የገባች ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የወይኑን ሥር እየበላች አገሩን አዳረሰች። መፍትሔውም ከአሜሪካ መጣ። የፈረንሳዩን ወይን፣ ነፍሳቷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣበቁት። ዛሬም አብዛኛው የፈረንሳይ ወይን የቆመው በዚያ ሥር ላይ ነው።

ከቦርዶ የተነሳው የወይን ኩባንያ ካስቴል እኛ አገር ዝዋይ ላይ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሏል። በ2014 ለገበያ ያቀረበው ወይን ከዘሩ ስም ጋር የቦታም ስም ይዞ ወጣ፦ ሪፍት ቫሊ።