መድኃኒቱን ማቋረጥና መቀጠል፦ የኤች አይ ቪ ሕክምና በሰሜን ሸዋ

የኤች አይ ቪን መድኃኒት ብዙ ሰው «ዕድሜ ማራዘሚያ» ይለዋል። ዛሬ ለአብዛኛው አዋቂ በቀን አንድ ክኒን ነው፤ ውስጡ ግን ሦስት መድኃኒት አለ፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። ቫይረሱ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ አድፍጦ ይቆያል። ክኒኑ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ደም ውስጥ ይታያል። ክፋቱ፣ ያን ሰሞን ሰውየው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ «ይኸው ትቼውም ደህና ነኝ» ይላል።

እንዲህ ማሰብ የመሃይም ስህተት አይደለም። አንድ ሰሞን ተመራማሪዎችም ከመድኃኒቱ እረፍት መውሰድ ይጠቅም ይሆን ብለው ነበር፤ የያኔዎቹ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳታቸው ከባድ ነበርና። ስማርት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ይህን ለመለየት ነው። በ33 አገሮች 5,472 ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ ሳያቋርጡ ወሰዱ። የቀሩት ሲዲ ፎራቸው (በሽታ የሚከላከሉት የነጭ ደም ሴሎች ቁጥር) ከ350 በላይ ሲሆን ያቆማሉ፣ ከ250 በታች ሲወርድ ይጀምራሉ። ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ፣ እረፍቱ እንዲቆም ተደረገ። ካቋረጡት መካከል 120 ሰዎች ሞቱ ወይም ተጓዳኝ በሽታ ያዛቸው፤ ከቀጠሉት 47። የሚገርመው፣ ከመድኃኒቱ ይመጣል ተብሎ የተፈራው የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ችግርም የበዛው ባቋረጡት ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ደማቸው በየጊዜው እየታየ ያቋረጡ ናቸው። መንዝ ውስጥ ለማንም ሳይናገር ክኒኑን የተወ ሰው ይህ ጥበቃ የለውም።

መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ስለዚህ የሚያስቀረው የክኒኑ ዋጋ አይደለም። መንገድ ነው፣ የትራንስፖርት ብር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ፤ እንዲያ በጥድፊያ የሚወጣ ሰው ልጁን እንጂ የክኒኑን ብልቃጥ አያስታውስም። ይሉኝታውም አለ። ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ኳ ኳ እንዳይል ጥጥ የሚጠቀጥቅ አለ። ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ራቅ ካለ ከተማ የሚወስድም አለ፤ መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቸገረው እሱ ነው።

ጸበልም ይነሳል። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም እዚሁ ዞን ናቸው፤ ለመጠመቅ ሄዶ መድኃኒቱን የሚተው አይጠፋም። ነገር ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ተናግረዋል። ጾምም ሰበብ አይሆንም፤ ይህ ክኒን ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ማታም ይሆናል።

የቀጠለ ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል፤ እንደዚያ እስካለ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ሕክምናውን ደህና የያዘ ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ የሚወስድበት አሠራርም አለ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ ሲያቋርጥ ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን፣ ለሄፓታይተስ ቢም ይሠራሉና።

ያቋረጠ ሰው ሲመለስ የሚሻለው ስንት ጊዜ እንደቆየ እውነቱን መናገር ነው። አብዛኛው ያንኑ ክኒን ይቀጥላል፣ ከወራት በኋላ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ይታያል። አንድ ቀን ብቻ የረሳ ደግሞ ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ። ለማካካስ ብሎ ሁለት አይዋጥም።