አሮጌ ስፖርት ቶዮታ በጎንደር፦ በአነስተኛ ገንዘብ መጠገንና ማሻሻል

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየት ምርጫ ብቻ አይደለም። ባለ ሁለት በር ሴሊካና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩት የኮሮላ ጂቲ ዓይነቶችም ከዚሁ ውስጥ ናቸው። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ መኪና የሚያዋጣው ሁለት ነገር ሲታሰብበት ነው፦ ዕቃው ከተራው ኮሮላ ጋር ምን ያህል እንደሚጋራና የከተማዋ ከፍታ ሞተሩን ምን እንደሚያደርገው።

ከግዢው እንጀምር። የኮሮላ ጂቲ ሞተር 4ኤ-ጂኢ 1,587 ሲሲ ነው፤ በየታክሲውና በየቤት መኪናው ላይ ከሚገኘው 4ኤ-ኤፍኢ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የፊት ጎማ ነጂ በሆኑት ኮሮላዎች ላይ የሞተር መቀመጫውና ካምቢዮው ስለሚቀራረብ፣ ከአደጋ መኪና የወጣ 4ኤ-ጂኢ በ4ኤ-ኤፍኢ ቦታ ማስገባት ከባድ ብየዳ አይጠይቅም። ገመዱና ኮምፒውተሩ ግን አብረው መምጣት አለባቸው፤ ሞተሩን ብቻ በርካሽ የገዛ ሰው ቀሪውን ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይከፍላል። ከሴሊካዎች ኤቲ180 የተባለው 4ኤ-ኤፍኢ ራሱን የያዘ በመሆኑ ለኪስ የሚቀለው እሱ ነው። ባለ 2.0 ሊትሮቹ የ3ኤስ ሞተር ስላላቸው ዕቃ የሚፈለገው ከካሪናና ከመጀመሪያው ራቭ4 በኩል ነው። ከኋላ የሚነዳው ኤኢ86 (እ.ኤ.አ. 1983–1987) ስሙ ትልቅ ነው፤ የቸርኬው የብሎን ክብ ግን 4×114.3 (አራት ብሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ) ሲሆን የፊት ነጂዎቹ ኮሮላዎች 4×100 ነው፤ ከጎረቤት ኮሮላ ቸርኬ ተውሶ ማሰር አይሞከርም። ጎንደር የሌለ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ከማዘዝ በፊት የአሮጌውን ዕቃ ቁጥርና ፎቶ መላክ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የማይገጥም ዕቃ ከመቀበል ያድናል።

ከፍታው

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል። በፋብሪካ 120 የፈረስ ጉልበት የተባለለት እዚህ 95 ገደማ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህንን የሞተር ድካም መስሎት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያስቀይራል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካም ያው ነው፦ የጥገና መጽሐፉ 13 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚለው ጤነኛ ሲሊንደር ጎንደር ላይ 10 አካባቢ ያነባል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ነዳጁ ተቋርጦ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካል። በመካከላቸው ከ1 ኪሎ በላይ ልዩነት ካለ በዝቅተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ መድገም ነው። ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ነው።

ካርቡሬተር ያላቸው መኪኖች በዚህ ከፍታ ቤንዚን ይበዛባቸዋል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ዋናውን ጄት አንድ ደረጃ ማሳነስ ነው፤ ጄቱን በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ቀዳዳውን አስፍቶ ችግሩን ያባብሳል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ስለማያጣው፣ በካርቡሬተር መኪና ላይ ከፖምፓው በፊት የሚያሳይ ትንሽ ፊልትሮ ማሰር ርካሽ መድን ነው። ያን የፕላስቲክ ፊልትሮ በኢንጄክሽን መኪና የግፊት መስመር ላይ ማሰር ግን እሳት መጥራት ነው።

ውሃ፣ ክዳን፣ ቴርሞስታት

ጎንደር ላይ አሮጌ ቶዮታን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ በጣም ርካሹ ዕቃ፣ የራዲያተር ክዳን ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያወጣዋል። የኤሌክትሪክ ማራገቢያው የሚነሳው ደግሞ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ካለቀ ማራገቢያው ሊነሳ ሲል ውሃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ መቀየር እንጂ ማጠብ አይረዳም።

«ይሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ በ4ኤ ሞተር ላይ ስህተት ነው። ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት አቋራጩን ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ጠዋት ላይም ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚቆይ ቤንዚን ይበላል። ትክክለኛው በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ነው፤ ትንሿ የአየር ማስወጫው ወደ ላይ ሆና ይገጠማል። ሥርዓቱ 6 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሆን የተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ዝገትና ደለል ያመጣል። ሲሞላ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ይቆማል፣ የመኪናው የውስጥ ማሞቂያ ሙቅ ላይ ይደረጋል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይሠራል፤ ውሃው ሲወርድ ይጨመራል። በድሮዎቹ 4ኤ-ጂኢ ላይ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ1,000 ወደ 2,000 እየወጣ እየወረደ ካስቸገረ፣ ኮምፒውተሩን ከመጠርጠር በፊት ውሃውን ማየት ነው፤ የሚኒሞው የአየር ቫልቭ የሚታዘዘው በውሃው ሙቀት ስለሆነ አየር ሲገባ ይወዛወዛል።

ቴስታታው ከወረደ በቀጥታ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል ይፈተሻል። ጥምመቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቶርኖ ቤት ተላግቶ ይመለሳል፤ ሳይላግ አዲስ ጋስኬት ማልበስ ገንዘብን ሁለቴ ማውጣት ነው። የ4ኤ-ጂኢ የቴስታታ ብሎኖች ርዝመታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ረጅሞቹ በጭስ ማውጫው በኩል ይገባሉ። ጥርሳቸው ዘይት ተቀብቶ ከመካከል ወደ ውጭ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መግቢያው 0.15–0.25፣ መውጫው 0.20–0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 16 ቫልቩ 4ኤ-ጂኢ የታይሚንግ ቺንጊያው ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቭ አይመታም፤ ባለ 20 ቫልቩ ይመታል። ታሪኩ ባልታወቀ መኪና ላይ ቺንጊያው፣ መወጠሪያውና የውሃ ፖምፓው አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ የጉልበት ዋጋው አንድ ነው።

ፍሬንና እግር

የፍሬን ረዳቱ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ የመሳብ ኃይል መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ ስስ አየር ላይ ፔዳሉ ይከብዳል። ያረጀ የቫኩም ጎማ ሲጨመርበት ሊማሊሞን መውረድ አደጋ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢቻል ከክረምት በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ዲስክ ሲላግ ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ማስላግ አይገባም።

ኮብል ስቶኑ የእግሩን ቡሽ (የመጋጠሚያ ጎማ) እና ቴስቲና ይጨርሳል። ቡሽ ሲቀየር ዋናው ስህተት መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ብሎኑን ማጥበቅ ነው፤ ወደ መሬት ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ሳምንትም ይቀደዳል። ብሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነው። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ለጎንደር መንገድ አይመከርም፦ የተቆረጠ ሞላ ይጠጥራል፣ ከመቀመጫውም ሊወጣ ይችላል፣ መኪናውም በየጉብታው ሆዱን ይመታል። አዲስ አሞርዛተርና በደንብ የያዘ ጎማ ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

ማሻሻያ

ውሃው፣ ፍሬኑና እግሩ ሳይስተካከሉ ማርሚታ መቀየር ጩኸት መግዛት ነው። ርካሽ የሆነው እውነተኛ ጭማሪ ከእሳት ጊዜው (ካንዴላው እሳት ከሚሰጥበት ቅጽበት) ይገኛል። በኢንጄክሽን 4ኤ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት የመመርመሪያ ሳጥኑ ቀዳዳዎች በሽቦ ተያይዘው መነሻው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት ነው፤ በዚህ ከፍታ ሲሊንደሩ የሚይዘው ግፊት ስለሚያንስ 2 ወይም 3 ዲግሪ መጨመር ይችላል። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ወደ 10 መመለስ አለበት፤ አለዚያ ሙቀቱና ወፍራሙ አየር ሞተሩን ያንኳኩታል። ቴስታታው ለጥገና ሲላግ ኮምፕሬሽኑ በመጠኑ ከፍ ማለቱም ለደጋ ጥቅም ነው። ቱርቦ ከፍታውን በደንብ ይክሳል፤ ከማቀዝቀዣው፣ ከነዳጅ ሥርዓቱና ከፍሪሲዮኑ ጋር ሲደመር ግን ከመኪናው ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል።

ሞተር የተቀየረ መኪና ወረቀቱም መከተል አለበት። በብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልተገናኘ ለቦሎ ምርመራም ለሽያጭም እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሻጩ ውልና ሞተሩ የወጣበት መኪና ሰነድ በእጅ መኖር አለበት፤ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በምንም ዋጋ አይገዛም።