«ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስጪኝ»፦ ስለማይለቅ ሳልና ስለታፈነ አፍንጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም አልፎ የጥቅምት ቁር ሲገባ፣ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሳሉ አልለቀኝ አለ፤ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስጪኝ።» ሐኪም አላየውም፤ ማዘዣም የለም። የመድኃኒቱ ስም ግን ከቤት ተወስኖ ነው የሚመጣው። አሞክሳሲሊን፣ እሱ «ካልያዘለት» አዚትሮማይሲን፣ እሱም ካልሆነ ኦግመንቲን። አልሸጥም ስል ተቀይሞኝ የሚሄደው ብዙ ነው። ፋርማሲስት ሥራው መድኃኒት መሸጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ የማያስፈልገውን አለመሸጥም ሥራችን ነው። ወረፋው እየገፋኝ ሁልጊዜ በግማሽ የማቆመውን ማስረዳት እዚህ ልጨርሰው።

«ሳል ሳምንት ካለፈው ያለ አንቲባዮቲክ አይድንም»

ከጉንፋን ጋር የሚመጣ ሳል አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ግን «እኔ ስወስደው ይሻለኛል» ይለኛል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸነፋል፤ ያቆሰለው የአየር ቧንቧ ሽፋን ግን እስኪጠገን ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ቀዝቃዛ አየር፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ ሽቶ፣ ሳቅ ሳይቀር ሳል ይቀሰቅሳል። ይህ እኛ ብሮንካይት የምንለው የአየር ቧንቧ ሕመም ሳሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ ተጠንቷል፤ በአማካይ 18 ቀን ገደማ ነው። ሰው ግን በሳምንቱ እንዲያልቅለት ይጠብቃል። አንዳንዱ ላይ ከጉንፋን የተረፈ ሳል እስከ 8 ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው በአሥረኛው ቀን ይሰለቸውና አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ሰባት ቀን ይውጣል። ሳሉም በአሥራ ሰባተኛው ወይም በአሥራ ስምንተኛው ቀን ይተወዋል፤ ባይውጥም ሊተወው የነበረ ሳል ነው። ምስጋናውን ግን ካፕሱሉ ይወስዳል፤ ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው «ባለፈው የያዘልኝን ስጪኝ» ብሎ ይመጣል። ለሚስቱም ለጎረቤቱም እሱው ያዛል።

«ቢሆንስ ምን ይጎዳኛል?» ለሚለው፦ ተቅማጥ፣ የሰውነት ሽፍታ፣ በሴቶች ብልት ላይ የሚወጣ ፈንገስ የዘወትር ነገሮች ናቸው። ከዚያ የሚከፋው ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱ ነው። በተለይ «ብር አልሞላልኝም፣ አራት ፍሬ ብቻ ሽጪልኝ» የሚለው ልማድ ባክቴሪያውን ሳይገድል ያሠለጥነዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለበት ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ መድኃኒቱ እንደ ሸቀጥ ከሱቅ የሚገዛበት ቀን ከመጣ፣ ሰው ከልኩ በታች እየወሰደ ጀርሙን ያላምደዋል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። በእኛም አገር አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ደንቡ ይከለክላል። ደንቡን የሚጥሱ ባልደረቦቼን እዚህ አልሸፍንም፤ ጥፋቱ የገዢው ብቻ አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሳንባ ነቀርሳ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት መመሪያው ግልጽ ነው፤ ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሰውየው ለቲቢ ይመረመራል። መመርመር ያለበት ሰው ግን እነዚያን ሳምንታት ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ያሳልፋቸዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል ስለሚያዳክሙት ሕመምተኛው ለጥቂት ጊዜ የዳነ ይመስለዋል፤ ከዚያ ያገረሽበታል። አንድ የሰፈራችን ወጣት እንዲህ ሆኖ አውቃለሁ። ከየቦታው እየገዛ ከአሞክሳሲሊን ወደ አዚትሮ፣ ከአዚትሮ ወደ ሲፕሮ ተሸጋገረ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ሲጠብ፣ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይል ነበር። አክታው የተመረመረው ከወራት በኋላ ነው፤ ቲቢ ነበር። በአንድ ክፍል አብራው የምትኖር ታናሽ እህቱም ተይዛ ተገኘች። ሁለቱም ታክመው ድነዋል፤ የእሷ መታመም ግን ሊቀር የሚችል ነበር።

የአክታ ምርመራው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ከሆነ ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ በተለመደው ዓይነት ቲቢ 6 ወር ይፈጃል። «ቲቢ የደሃ በሽታ ነው፣ እኔን አይነካኝም» የምትሉ ደግሞ፣ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ አየሩን ሁላችንም አብረን እንተነፍሳለን።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሳል የለም አላልኩም። የሳንባ ምች አለ፤ ትክትክ አለ። ይህን ግን የሚለየው ደረት አዳምጦ፣ ትኩሳት ለክቶ፣ ሲያስፈልግ ራጅ አስነስቶ የሚመረምር ባለሙያ ነው። እኔ በመስኮት ሳልሰማ የቀረሁትን የደረት ድምፅ እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ አትሰሙትም።

«አክታዬ ቢጫ ሆኗል፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ነው»

ቀለሙን የሚሰጡት በሽታውን ሊዋጉ የመጡት የራሳችሁ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። በቫይረስም ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል አያሰኝም። ደም ከታየበት ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በዕለቱ ሂዱ።

«ሳይነስ አለብኝ»

ሳይነስ የሌለበት አዲስ አበቤ ያገኘሁ አይመስለኝም። ራስ ምታት ሳይነስ ነው፣ ማስነጠስ ሳይነስ ነው፣ የታፈነ አፍንጫ ሳይነስ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የሳይነስ ኢንፌክሽን ምልክቱ ሌላ ነው፦ ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል የሚቆይ፣ ወይም ተሽሎ የነበረው እንደገና በትኩሳትና በፊት ሕመም የሚብስ። ጠዋት ጠዋት በተከታታይ የሚያስነጥሰው፣ አፍንጫውንና ዓይኑን የሚያሳክከው፣ አቧራ ሲነሳ የሚብስበት ሰው ያለበት አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ነው። መፍትሔውም ሌላ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ያቺ ትንሽ ጠብታ ናት። ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ያለበት የአፍንጫ ጠብታ በደቂቃ ውስጥ አፍንጫ ይከፍታል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ከ5 ቀን በላይ ሲዘወተር ግን የአፍንጫው ሥጋ ጠብታው ባለቀ ቁጥር ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። ከዚያ ሰው በሽታውን ሳይሆን የጠብታውን ጦስ በጠብታ ማከም ይጀምራል። ከቦርሳዋ ጠብታ ሳይጠፋ ዓመታት የኖረች ደንበኛ አለችኝ፤ ሌሊት ትነሳና ትጨምራለች። ወደ ስፔሻሊስት ላክኳት፤ መጀመሪያ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በሌላው ጠብታውን አቁማ፣ በሐኪም በታዘዘላት የስቴሮይድ ስፕሬይ እየታገዘች ተላቀቀች። ቀላል አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሳምንት አሰቃይቷታል።

ለታፈነ አፍንጫ እኔ የምመክረው ርካሹን ነው፤ የጨው ውኃ። ፈልቶ ለብ ያለ አንድ ብርጭቆ ውኃ (250 ሚሊ ሊትር ገደማ) ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ፣ በንጹሕ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ጎንበስ ብላችሁ አፍንጫችሁን እጠቡ። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ። ለሕፃን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የኖርማል ሳላይን ጠብታ ይሻላል፤ ጡት ከመጥባቱ በፊት ጠብ ይደረግለታል።

«ሽሮፕ ይቆርጠዋል»

የሳል ሽሮፕ ሳልን እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ኮዴይን ያለበትን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ በፍጹም አትስጡ። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ለልጅም ለአዋቂም የሌሊቱን ሳል ያስታግሳል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ዝንጅብሉም፣ ዳማከሴውም፣ ጤና አዳሙም ትኩስ ሆኖ ሲጠጣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ እኔም እጠጣለሁ። የማልስማማው ልጅን ፎጣ ሸፍኖ በፈላ ድስት ላይ ማጎንበስን ነው፤ ተገልብጦ የሚያቃጥላቸው ብዙ ናቸው። ቅቤና ዘይት በሕፃን አፍንጫ ማንጠባጠብም እንዲሁ፤ ወደ ሳንባ ወርዶ የራሱን የሳንባ ምች ያመጣል።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ»

አይቆረጥ። እንጥል ሳል አያመጣም። መቆረጡ የደም መፍሰስና ቴታነስ አምጥቶ ሕፃን ይገድላል።

«መስኮት ዝጋው፣ ብርድ መታኝ!»

ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው እየሳለ፣ አሥራ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ፣ አራቱም መስኮት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ከፈት ላደርግ ብዬ የተቆጡኝ ሰዎች ስንት ናቸው! ቀዝቃዛ አየር የቆሰለን ወይም አስም ያለበትን ቧንቧ ያስላል፤ እውነት ነው። ጉንፋንንም ቲቢንም የሚያስተላልፈው ግን ከሰው ሳንባ ወጥቶ በተዘጋ ቦታ የሚንሳፈፈው ነው። የቲቢ ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል መስኮት ሆን ተብሎ የሚከፈተው ለዚህ ነው። ነጠላችሁን፣ ጋቢያችሁን ደርቡ፤ መስኮቱን ግን ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ ተዉት።

ቤት ውስጥም ያው ነው። በክረምት በር ተዘግቶ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ «ለምደነዋል» ይባላል። ሳንባ ጭስ አይለምድም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭስ ማድ ቤት እንጀራ የጋገሩ፣ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች የአጫሽ ዓይነት ሥር የሰደደ ሳል ይዘው ይመጣሉ። ለእነሱ ከሽሮፕ ይልቅ የጭስ መውጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን የምላቸው ለልጆቻቸው ነው።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል»

ሌሊት ሌሊት፣ ወይም ሲሮጡ የሚብስ ሳል፣ ደረት ባያፏጭም አስም ሊሆን ይችላል። የሚሳብ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም፤ በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ከሚዋጠው በብዙ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። ልጆች መሳብ ካቃታቸው የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛው ላይ ፓፉ የሚገባበት ቀዳዳ ተበጅቶለት ያገለግላል፤ ጤና ባለሙያ ያሳያችሁ።

«የደም ግፊት መድኃኒትና ሳል ምን አገናኛቸው?»

አንዲት እናት ለወራት ጉሮሯቸውን እየከረከራቸው ደረቅ ሳል ይስሉ ነበር። ሽሮፑንም አንቲባዮቲኩንም ጨርሰዋል። «እማማ፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ስላቸው ከመቀነታቸው ኢናላፕሪል አወጡ። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሐኪማቸው በሎሳርታን ቀየረላቸውና ሳሉ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። በራሳችሁ ግን አታቁሙት፤ ግፊቱ ሳይታወቃችሁ ይወጣል። የጨጓራ አሲድም ሲተኙ እየወጣ ጉሮሮ የሚያቆስል ከሆነ ያስላል፤ ማታ ዘግይቶ መብላት ያብሰዋል።

«ልጅ ነው፤ ጉንፋኑ ራሱ ይለቀዋል»

ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል። ግን ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቆመ ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

አዋቂም ብትሆኑ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ፣ ደረት ሲወጋችሁ፣ ክብደት ስትቀንሱ ወይም ሳሉ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትሄዱም እስካሁን የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ከጎረቤት የተዋሳችሁትንም አትደብቁ፤ የሚያክማችሁ ሰው ምርመራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።