ኤልዳፕ ላይ «ዩአይዲ» ቁጥር አይደለም

በዩኒክስ (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) የፓስወርድ ፋይል ውስጥ አንድ ተጠቃሚ ማለት አንድ መስመር ነው። መስመሩ በሁለት ነጥብ (:) የተለያዩ 7 ቦታዎች አሉት፦ የመግቢያ ስም፣ ፓስወርድ፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ሆም ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) እና ሼል (ትዕዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም)። ኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች መረጃ ከማዕከላዊ ማውጫ በኔትወርክ የሚነበብበት ፕሮቶኮል) ግን መረጃውን የሚይዘው በተራ ሳይሆን በስያሜ ነው። ስለዚህ ከኤልዳፕ የተገኘውን መረጃ ወደ ፓስወርድ ፋይል መስመር ስንቀይር እያንዳንዱን ስያሜ ከቦታው ጋር ማዛመድ አለብን። የትኛው ስያሜ የትኛው ቦታ እንደሚገባ የሚደነግገው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2307 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው «ዩአይዲ» የሚለው ቃል ነው። ዩኒክስ ላይ ዩአይዲ ሲባል ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ 1001። ኤልዳፕ ላይ ግን የመግቢያ ስሙ ነው፤ ስለዚህ 1ኛው ቦታ ይገባል። ቁጥሩ የሚገኘው «ዩአይዲ ነምበር» በሚባለው ውስጥ ሲሆን ቦታው 3ኛ ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ስክሪፕት የማይረባ መስመር ያወጣል።

5ኛው ቦታ፣ «ጌኮስ» የሚባለው፣ ለእኛ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ሰነድ ጌኮስን በአስኪ ፊደላት (በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በቁጥሮችና በተለመዱ ምልክቶች) ብቻ ስለወሰነው «አልማዝ» ብሎ በግዕዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም። ጌኮስ ከሌለ «ሲኤን» የሚባለው ሙሉ ስም ይተካዋል፤ እሱ ደግሞ ዩኒኮድ (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የያዘ የፊደል ኮድ) ስለሚቀበል ስማችንን በፊደላችን ይይዛል። ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ካለ ግን አስቀድማችሁ አውጡት፤ አለበለዚያ ከዚያ በኋላ ያሉት ቦታዎች ሁሉ ይዛነፋሉ።

ፓስወርዱን አትገልብጡ። ፋይሉን ማንም ተጠቃሚ ማንበብ ስለሚችል በ2ኛው ቦታ «ኤክስ» የምትለዋን የላቲን ፊደል ብቻ አስቀምጡ።