አስቸኳይ ማመልከቻ በደቡብ አፍሪካ የሠራተኛ ፍርድ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከሥራ የታገደ ወይም የተባረረ ሰው ሁሉ «ጉዳዬ አስቸኳይ ነው፣ ነገ ችሎት ይቅረብልኝ» ይላል። ጭንቀቱ እውነት ነው። አስቸኳይነት ግን በጭንቀት ብዛት አይለካም፤ በቃለ መሐላ ላይ በቀንና በሰነድ መታየት አለበት። ይህን ሺህ ጊዜ መናገር ቢያደክምም ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚሁ ላይ ነው።

«ደመወዜ ስለተቋረጠ አስቸኳይ ነው»

ብቻውን በተለምዶ አይበቃም። ዳኛው የሚጠይቀው ጉዳዩ ተራውን ጠብቆ ቢታይ አመልካቹ በቂ መፍትሔ ያጣል ወይ ብሎ ነው። ያለአግባብ ለተባረረ ሠራተኛ ደግሞ መንገዱ ተዘርግቷል፦ በ30 ቀን ውስጥ ለሲሲኤምኤ (የሥራ ክርክሮችን የሚያስታርቅና የሚዳኝ በሕግ የተቋቋመ ተቋም) ወይም ለዘርፉ የድርድር ምክር ቤት ማመልከት። እዚያ ወደ ሥራ መመለስ ወይም እስከ 12 ወር ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ይገኛል። ስለዚህ የገንዘብ ችግር ብቻ ሳይሆን በኋላ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት ካለ እሱ ነው በማስረጃ መቅረብ ያለበት። ደግሞ አስቸኳዩን ማመልከቻ እየተሯሯጡ ያን 30 ቀን እንዳያሳልፉት፤ ካለፈ የዘገዩበትን ምክንያት አስረድቶ መዘግየቱ እንዲታለፍ መጠየቅ ይመጣል።

«መዘግየቴ አይቆጠርብኝም፤ እየተነጋገርን ነበር»

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። አመልካቹ ራሱ ተቀምጦ ቀኑን ካሳለፈ ፍርድ ቤቱ «አስቸኳይነቱን የፈጠርከው አንተ ነህ» ይለዋል። ሽምግልናና ደብዳቤ መጻጻፍ ክልክል አይደለም፤ ግን የመልስ ቀነ ገደብ ይኑረው፣ እያንዳንዱም ቀን ይቆጠር። የፍርድ ቤቱ ደንብ ሁለት ነገር እንዲብራራ ይፈልጋል፦ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስቸኩል፣ መደበኛው የጊዜ ገደብስ ለምን ሊጠበቅ እንዳልቻለ። «ጉዳዩ እጅግ አስቸኳይ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም መልስ አይሆንም።

የሚያሳምን አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ «ማርች 3 ደብዳቤው ደረሰኝ። ማርች 4 ጠበቃ አማከርሁ። ማርች 5 ለተጠሪው (ማመልከቻው ለሚቀርብበት አሠሪዬ) በጽሑፍ ጠይቄ እስከ ማርች 7 እኩለ ቀን መልስ እንዲሰጠኝ አሳወቅሁ። ማርች 7 እምቢ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ቃለ መሐላው ተዘጋጀ፣ ማርች 10 ቀረበ።» ደብዳቤዎቹና ኢሜይሎቹ በቁጥር ተያይዘው ይቀርባሉ። በማርች 7 እና በአፕሪል 2 መካከል ምንም ያልተደረገበት ባዶ ጊዜ ካለ ግን የተጠሪው ጠበቃ መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ባዶ ላይ ነው።

ለተጠሪው የሚሰጠው የመልስ ጊዜም ከችኮላው ጋር ይመጣጠን። ራሱ ሦስት ሳምንት ወስዶ ለሌላው ሦስት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ችሎት ፊት ይቸገራል።

«የዲሲፕሊን ስብሰባውን ፍርድ ቤቱ ያስቆምልኛል»

ሥልጣን አለው፤ የሚጠቀምበት ግን ለየት ባለ ሁኔታ ብቻ ነው። ስብሰባው ፍትሐዊ አልነበረም የሚል ሰው በኋላ ሲሲኤምኤ ዘንድ ሊያነሳው ይችላል። ጥሪው ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሶት በዋዜማው ማታ የሚሮጥም «አስቸኳይነቱን የፈጠርከው አንተ ነህ» ይባላል።

«አስቸኳይ ከሆነ እግዱ (ድርጊቱን የሚያስቆመው የፍርድ ቤት ትእዛዝ) አይቀርም»

ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አስቸኳይነት ወረፋውን ያሳጥራል እንጂ መብት አያስገኝም። ለጊዜያዊ እግድ ቢያንስ በመጀመሪያ እይታ የሚታይ መብት፣ የማይጠገን ጉዳት ስጋት፣ የጉዳት ሚዛን ወደ አመልካቹ ማድላቱ፣ ሌላ በቂ መፍትሔ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት።

«አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ከችሎቱ የጉዳዮች ዝርዝር ከወጣ ተሸነፍኩ»

አልተሸነፉም፤ በመደበኛው ተራ እንደገና ማስያዝ ይቻላል።

«የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው መብት የለውም»

ስህተት ነው። ፈቃድ የሌለው ሠራተኛም በአገሪቱ የሥራ ግንኙነት ሕግ መሠረት ሠራተኛ መሆኑን ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ወስኗል። እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ይወቁ።

«አድማ ለማስቆም በአንድ ሌሊት ማመልከት ይቻላል»

ሕገ ወጥ የሚሉትን አድማ ለማስቆም የሚያመለክቱ አሠሪዎች የዚሁ የሥራ ግንኙነት ሕግ አንቀጽ 68ን ይረሳሉ። ለተጠሪው የ48 ሰዓት ማስታወቂያ መስጠት ግዴታ ነው። እንዲያጥር ከተፈለገ ሦስቱም መሟላት አለባቸው፦ ለማመልከት ማሰባቸውን በጽሑፍ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ለተጠሪው የመደመጥ በቂ ዕድል መስጠት፣ በቂ ምክንያት ማሳየት። የሠራተኛ ማኅበሩ አድማውን ከ10 ቀን በፊት አሳውቆ ከነበረ ደግሞ አሠሪው ቢያንስ የ5 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። እነዚህ ገደቦች የማይሠሩት አስፈላጊ አገልግሎት (ቢቋረጥ የሰውን ሕይወት፣ ደህንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል) ወይም የጥገና አገልግሎት (ቢቋረጥ የሥራ ቦታን ወይም መሣሪያን የሚያወድም) ላይ ለተሰማራ አሠሪ ወይም ሠራተኛ ነው።