ተግባር ተኮር የእንግሊዝኛ ትምህርት በደሴና በኮምቦልቻ

ተግባር ተኮር የቋንቋ ትምህርት ተማሪው ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጉዳይ ለመፈጸም ሲል ቋንቋውን እንዲጠቀም የሚያደርግ ዘዴ ነው። በስፋት የታወቀው ህንዳዊው የቋንቋ ትምህርት ምሁር ፕራቡ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በባንጋሎር በመሩት ሙከራ ነው።

በደሴ ስለ ትምህርት ሲወራ ስመ ጥሩው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ቀድሞ ይነሳል። የቀደመው ትውልድ እንግሊዝኛን በአብዛኛው በሰዋስውና በቃል ጽሕፈት ተምሯል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ መጻሕፍቱ በጥንድና በቡድን በሚሠሩ መልመጃዎች ተሞሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ፕላዝማው መጣ። በክፍሉ ቴሌቪዥን በሳተላይት የሚተላለፈው መምህር ጥያቄ ይጥል፣ ሰዓት ይቆጥር፣ ከዚያም መልሱን ራሱ ይናገር ነበር። ተማሪዎች ወንበር አዙረው ሳይጨርሱ ውይይቱ ያበቃ ነበር። ጆሮ አላምዷል የሚሉ አሉ፤ አፍ ግን አላስፈታም። ቀጥሎ የመጣው፣ አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ቡድኑን ቢያጸናም፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ይጽፍ፣ አምስቱ ይፈርሙ ነበር።

ዘዴው ሲሰምር እንዲህ ነው፦ አንዷ ተማሪ ከደሴ ፒያሳ ወደ አይጠየፍ አዳራሽ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ ንድፍ ትይዛለች፤ የጓደኛዋ ንድፍ ግማሹ ባዶ ነው፤ ባዶውን በእንግሊዝኛ ተጠያይቀው ይሞሉታል። ወረቀት መተያየትም በጣት መጠቆምም ክልክል ነው። ጨዋታ አዋቂው የወሎ ልጅ እዚህ ላይ አይታማም። ችግሩ ክርክሩ ሲጦፍ ነው፤ ያኔ ሁሉም ወደ አማርኛው ይመለሳል። ይህ ይጎዳል አይጎዳም የሚለው መምህራንን እስካሁን ያከራክራል።

ሳምንታት ለሚወስድ ፕሮጀክት ደግሞ ኮምቦልቻን የሚያህል የለም፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም ደጅ ላይ ናቸው። ተማሪው ሠራተኛውን በአማርኛ ጠይቆ ዘገባውን በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። ይህ ትርጉም እንጂ ንግግር አይደለም የሚል ወቀሳ አለ። ሆኖም «ፈረቃ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ለማስረዳት የተቸገረ ልጅ ቃሉን አይረሳውም።

በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። እዚያ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚለምዱ ተማሪዎችም ይገኛሉ። ለእነሱ መልመጃ የሚያዘጋጅ አያስፈልግም፤ ገበያ ወርደው በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ይከራከራሉ፣ ነጋዴዋም «አልሰማሁህም፣ ድገመው» ትላቸዋለች።